ወራጅ አለ፣ በእንግሊዝኛ

«ወዳጁ?»

ከስልኩ ወዲያኛው ጫፍ የመጣችው የመጀመሪያ ጥያቄ እንዲህ ሆና ነበር የተሰማችኝ። ለአንድ የውጭ ድርጅት አመልክቼ፣ የጽሑፍ ፈተናውን አልፌ፣ «በስልክ እናነጋግርሃለን» ተብዬ፣ ሸሚዝ ለብሼ ቁጭ ብያለሁ። (ሸሚዙ በስልክ እንደማይታይ ጠፍቶኝ አይደለም፤ እናቴ ናት «ለሥራ ነው እኮ፣ ሥርዓት ያዝ» ብላ ያስለበሰችኝ።) ሰውየው ሰላምታውን ጨረሰና አንድ ነገር ጠየቀኝ። የያዝኩት «ወዳጁ» የምትለዋን ብቻ ነው፤ ከእሷ ኋላ የመጣው ጉርምርምታ ነበር። የማን ወዳጅ? «ሶሪ?» አልኩት። ደገመልኝ። አሁንም «ወዳጁ»። ሦስተኛ ጊዜ «ሶሪ» ማለት አሳፈረኝና «የስ» አልኩ። ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። ሥራውን እንዳላገኘሁት መንገር አያስፈልገኝም።

ምስጢሩ የተገለጠልኝ ከወራት በኋላ ነው፤ ያውም በፊልም። ከግርጌው ጽሑፍ ያለው የአሜሪካ ፊልም እያየሁ አንዱ ተዋናይ ሌላውን «ወዳጁ» አለው። ከሥር ያለውን ሳነብ «ዋት ዲድ ዩ ዱ?» ይላል። መልሼ አጫወትኩት። «ወዲጁ ዱ?» እንደገና መለስኩት። አራት ቃላት፣ አራቱንም ገና በአንደኛ ደረጃ የማውቃቸው ቃላት፣ ተጨፍልቀው አንድ ሆነዋል። ለካ ሰውየው የጠየቀኝ «ከዚህ በፊት ምን ትሠራ ነበር?» ብሎ ኖሯል። እኔም «አዎ» ብዬ መልሼለታለሁ።

ይህን የማወራው ባመለጠኝ ሥራ ለማላዘን አይደለም (ትንሽ ለማላዘንም ነው)። እኛ አገር እንግሊዝኛ ሲነገር አልሰማ ያለው ሰው ስለራሱ የሚሰጠው ፍርድ ስለሚያንገበግበኝ ነው። መጀመሪያ «ቃላት ያንሰኛል» ይልና መዝገበ ቃላት ይገዛል። ቀጥሎ «ግራመር አልችልም» ይልና ስንት ጊዜ የተማረውን ፓስት ፐርፌክት እንደ አዲስ ይጀምራል። ሲብስበት «ጭንቅላቴ አይቀበልም» ይልና ይተወዋል። እኔ የምለው፣ ከሦስቱ አንዱም ላይሆን ይችላል። ቃላቱን ያውቃቸዋል። የሚያውቃቸው ግን አንድ በአንድ፣ ተራርቀው ሲቆሙ ነው። ተያይዘው ሲመጡ መልካቸው ይለወጣል፤ እንደሚለወጥ ደግሞ የነገረው የለም።

እኔ የፕላዝማ ትውልድ ነኝ። እንደ ፈረንጆቹ በ2004 በሳተላይት የሚተላለፈው ትምህርት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሲጀመር፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የተዘጋጁ ትምህርቶችን ያ ትልቅ ስክሪን እያወጣ ያስተምረን ነበር። የክፍለ ጊዜው አብዛኛው የስክሪኑ ነው፤ የኛ አስተማሪ መግቢያና መውጫ ላይ ጥቂት ደቂቃ ይደርሰዋል። የስክሪኗ መምህርት ፊዚክሱን ታንበለብላለች፣ ጥያቄ ትጠይቃለች፣ ጥቂት ሴኮንድ ትጠብቃለች፣ ከዚያ ማንም ሳይመልስ «ቬሪ ጉድ!» ብላ ታመሰግነናለች። ከኋላ ወንበር «ማንን ነው?» የሚል አይጠፋም። ሳቅ በሳቅ እንሆናለን። ሳቁ ግን ብዙ ነገር ሸፍኖብናል። ያቺን መምህርት ጽሑፍ አድርጋችሁ ብትሰጡን ከሞላ ጎደል ይገባን ነበር። በድምፅ ስትመጣ ግን ቃላቱ የት ተጀምረው የት እንዳለቁ መለየት አቃተን። ፊዚክስ የከበደን መስሎን ፊዚክስ የጠላን ስንቶች ነን?

ጥፋቱን በክፍሉ አስተማሪ ላይ መከመር አልፈልግም። ስልሳ ሰባ ሆነን ታጭቀን፣ እሱም ራሱ እንግሊዝኛን የተማረው ከመጽሐፍ፣ በመጽሐፍ። «ዚስ። ኢዝ። ኤ። ቡክ።» ብሎ እያንዳንዱን ቃል እንደ ጡብ ደረደረልን። እኛም ተቀብለን ደረደርን። የተፈተንኩበት ብሔራዊ ፈተናም እንግሊዝኛዬን የለካው ክብ በማጥቆር ነው፤ አንዲት ድምፅ አላሰማኝም። ያልተፈተነ ነገር ደግሞ እኛ አገር አይጠናም።

አሁን ወደ ታክሲ እንግባ።

መሥሪያ ቤታችን አንዲት ፈረንጅ ባልደረባ ነበረችን። አማርኛ በማስታወሻ ደብተር የምትማር፣ ጎበዝ። ፊደሉን ለይታ ጨርሳለች፣ ቀስ ተብሎ ሲነገራት ትሰማለች። አንድ ቀን ደብተሯን ይዛ መጣችና «ወራጃለ የሚባለው ሰፈር የት ነው?» አለችኝ። የምን ሰፈር? «ከመገናኛ ወደ ፒያሳ ስመጣ ሰው ሁሉ ወራጃለ እያለ ይወርዳል። ከቦሌ ስመጣም ወራጃለ አለ። በጣም ትልቅ ሰፈር መሆን አለበት።» ካርታ ላይ ፈልጋ አጥታዋለች። መዝገበ ቃላት ላይም ፈልጋ አጥታዋለች።

ስቄ ስጨርስ ሳቄ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። «ወዳጁ» ትዝ አለኝ። «ወራጅ» ታውቃለች፣ «አለ» ታውቃለች። ተያይዘው ሲመጡባት ግን ሰፈር ሆኑባት። እኔም «ዋት» አውቃለሁ፣ «ዲድ» አውቃለሁ፣ «ዩ» አውቃለሁ። ተያይዘው ሲመጡብኝ የሰው ወዳጅ ሆኑብኝ። ያቺን ልጅ ማንም «ጭንቅላቷ አይቀበልም» አላላትም፤ ራሷም አላለችም። እኛ ግን ራሳችንን እንላለን።

ከዚያ ወዲህ «ወራጅ አለ»ን አልተውኳትም። ልብ ብላችሁ ብትበትኗት የእንግሊዝኛው ጨዋታ ግማሹ በዚህች በሁለት ቃል ውስጥ አለ።

መጀመሪያ መጋጠሚያውን እዩት። «ጅ» ብቻዋን ቆማለች፣ «አ» ብቻዋን ቆማለች። ስንናገር ተጋብተው «ጃ» ይሆናሉ፤ ወራጃለ። «ምን አለ» ምናለ ይሆናል፣ «የት አለ» የታለ ይሆናል፣ «ምን አባቱ» ምናባቱ ይሆናል። እንግሊዝኛም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። በተነባቢ ያለቀ ቃል በአናባቢ የሚጀምር ቃል ሲያገኝ ዘሎ ይይዘዋል። «ተርን ኢት ኦፍ» ተርኒቶፍ ይሆናል። የላቲን ፊደል ይህን ጋብቻ በደንብ አያሳይም፤ ፊደሎቹ ተጠጋግተውም ለየብቻቸው ናቸው። የኛ ፊደል ግን ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ቤት ውስጥ ነው የሚያሳድራቸው። ን ከኢ ጋር «ኒ»፣ ት ከኦ ጋር «ቶ»፤ ተርኒቶፍ። እንግሊዝኛን በግእዝ ፊደል ሲጽፍ የተገኘ ተማሪ የሚቆጣ አስተማሪ አውቃለሁ። እኔ ብሆን የሰማውን በፊደል እንዲጽፍ አዝዘው ነበር፤ ከየትኛው መጋጠሚያ ላይ እንደጠፋበት ወዲያው ያየዋል።

ሁለተኛ፣ «ወራጅ» የምትለዋ ራሷ። ከ«ወረደ» ነው የመጣችው። ታዲያ «ድ» የት ሄዳ ነው «ጅ» የመጣችው? ከከፈተ ከፋች፣ ከወረደ ወራጅ፣ ከጨረሰ ጨራሽ፣ ከያዘ ገንዘብ ያዥ። ወንድሜን «ውሰድ» እለዋለሁ፣ እህቴን «ውሰጂ»፤ እሱን «ክፈት»፣ እሷን «ክፈቺ»፤ «ጨርስ»፣ «ጨርሺ»፤ «ያዝ»፣ «ያዢ»። ት ወደ ች፣ ድ ወደ ጅ፣ ስ ወደ ሽ፣ ዝ ወደ ዥ። ምላስ «ኢ»ን ለማለት ወደ ላንቃ ስትወጣ ከፊቷ ያለውን ድምፅ ይዛው ትወጣለች።

እንግሊዝኛ ውስጥ «ዩ» የምትለዋ ቃል መጀመሪያ ላይ ያለችው «ይ»ም ላንቃ ላይ የምትበቅል ድምፅ ናት። ስለዚህ እነዚያኑ አራት ተነባቢዎች ስታገኝ እንዲሁ ታደርጋቸዋለች። «ሚት ዩ» ሚቹ። «ዲድ ዩ» ዲጁ። «ሚስ ዩ» ሚሹ። «አዝ ዩ ኖው» አዡኖው። አራቱም፣ አንድ ሳይጎድል! አማርኛ ተናጋሪ ልጅ አፉን ሲፈታ ጀምሮ በየቀኑ የሚሠራውን ነገር፣ ትልቅ ሆኖ በእንግሊዝኛ ሲመጣበት ይደነግጣል። እኔን ሥራ ያሳጣኝ ድምፅ እናቴ እህቴን «ሸሚዙን ውሰጂለት» ስትል የምትሠራው ድምፅ ነው።

ሌላም አለ። «ገበሬ» ላይ የብዙ ምልክት «ኦች» ስንጨምር ሁለት አናባቢ ስለሚጋጭ «ው» ገብታ ታስታርቃለች፤ ገበሬዎች። «አችን» ስንጨምር ደግሞ «ይ» ትገባለች፤ ገበሬያችን። እንግሊዝኛም «ጎ አውት»ን ጎዋውት፣ «አይ አም»ን አያም፣ «ሲ ኢት»ን ሲዪት የሚያደርገው በእነዚሁ በሁለቱ አስታራቂዎች ነው። «ወንበር» ብለን ጽፈን «ወምበር» እንደምንለው ሁሉ፣ እነሱም «ግሪን ባግ» ብለው ጽፈው «ግሪም ባግ» ይላሉ። «ቤት ተከራየን» ስንል ሁለቱን ት ለየብቻ አንተፋቸውም፤ አንዷን አጥብቀን ይዘን እንለቃለን። «ብላክ ካት»ም እንደዚያ ነው። ማጥበቅና ማላላት የሚያውቅ፣ «ገና»ን ከ«ገና» በጆሮው የሚለይ ሕዝብ ለዚህ የግል አስጠኚ መቅጠር አይገባውም ነበር።

ድሮ በጽሑፋችን በቃልና በቃል መካከል ሁለት ነጥብ ይቀመጥ ነበር። አሁን ክፍት ቦታ ተክቶታል። በአፍ ግን ሁለት ነጥብም ክፍት ቦታም ኖሮ አያውቅም። ይህን ደግሞ የጥንት ሰዎች ያውቁታል። የዓለም የቋንቋ ሊቃውንት እንዲህ ያለውን የድምፆች መጋጠም የሚጠሩበት «ሳንዲ» የሚል ቃል ከሳንስክሪት የመጣ ነው፤ የሕንድ ሰዋስው ሊቃውንት ስም ያወጡለት እንግሊዝኛ ራሱ ገና ሳይወለድ ነው።

ሁሉም ነገር ግን ከአማርኛ ጋር አይገጥምም፤ እዚህ ላይ መዋሸት የለብኝም። ሁለት ቦታ ላይ እንግሊዝኛ በተቃራኒያችን ይሄዳል።

አንደኛው ተነባቢዎች ሲደራረቡ ነው። እኛ «እ» እናስገባና እንተነፍሳለን። እነሱ ደግሞ አንዱን ይጥላሉ። «ኔክስት ዊክ» ሲሉ መሀል ላይ ያለችው ት ትጠፋለች፤ ኔክስዊክ። እኛ ስንጨምር እነሱ ይቀንሳሉ፣ ከዚያ አንደማመጥም።

ሁለተኛው ከዚህ ይከፋል። የእንግሊዝኛ ጥቃቅን ቃላት ልብስ ይቀይራሉ። እያንዳንዳቸው የክትና የዘወትር ልብስ አላቸው። «ኤንድ»፣ «ኦፍ»፣ «ቱ»፣ «ካን» የምንላቸው የክት ናቸው። በዘወትር ንግግር «ኤንድ» ን ብቻ ሆና ትቀራለች፣ «ፊሽን ቺፕስ»። «ኦፍ» ኧ ብቻ ሆና ትቀራለች፣ «ከፐ ቲ»። ትምህርት ቤት ያስተማረን የክቱን ብቻ ስለሆነ፣ በዘወትር ልብሳቸው መንገድ ላይ ሲያልፉ ሰላም ሳንላቸው እናልፋለን። (ይቺ የተዋረደች አናባቢ ከኛ «ኧ» ብዙ አትርቅም። ስንቱ አገር የሌለውን ድምፅ እኛ አለን፤ አንጠቀምበትም እንጂ።)

ይህ የጌጥ ጉዳይ እንዳይመስላችሁ። የአክስቴ ልጅ ዋሽንግተን አካባቢ ይኖራል። አለቃው ደውሎ እሁድ መግባት ይችል እንደሆነ ጠየቀው። ልጁ ደስ ብሎት «አይ ካን ዎርክ ሰንደይ» አለ፤ «ካን»ን አጥርቶ፣ አስረግጦ፣ ልክ እንደተማረው። እሁድ ሲሄድ ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጥቷል። አለቃው የሰማው «አልችልም» ብሎ ነው። አሜሪካኖች «እችላለሁ» ሲሉ «ካን»ን ውጠው «ከን» ነው የሚሏት፤ «ዎርክ» ላይ ነው የሚበረቱት። «ካን» ከጎላች «ካንት» ናት፤ መጨረሻ ያለችውን ት ራሳቸውም ስለሚውጧት አለቃው ት ባይሰማም አልጠረጠረም። የኔ ዘመድ በጨዋ አነጋገር፣ በጠራ ድምፅ፣ የአንድ ቀን ደመወዙን አባረረ።

አሁን ተቃዋሚዎቼ ይምጡ። ሁለት ዓይነት ናቸው።

የመጀመሪያዎቹ ከኋላ ወንበር የሚያፏጩት ናቸው። ክፍል ውስጥ አንዱ «ናይስ ቱ ሚቹ» ቢል «አቤት! አሜሪካ መቼ ደርሶ መጣ?» የሚሉት። እነዚህን ፈርተን ስንት ዓመት ቃላችንን እንደ ጡብ ስንደረድር ኖርን። ለእነሱ ያለኝ መልስ አጭር ነው። «ሻራፕ» ማለት ማን አስተማራችሁ? «ሸት አፕ» ነበር እኮ መጽሐፉ ላይ። መሀል ያለችውን ት እንደ ር አድርጎ፣ ሁለቱን ቃል አጋጥሞ ማለትን ከፊልም ተምራችሁ፣ ማንም ሳያርማችሁ ልክ ትሉታላችሁ። «ካሞን»ንም እንዲሁ። ለስድብና ለጨዋታ የተፈቀደ ማያያዝ ለትምህርት ሲሆን ጉራ የሚሆንበት ምክንያት አይገባኝም።

(በሌላው ጫፍ ደግሞ ማያያዝን ሽቶ አድርገው የሚቀቡት አሉ። አንዳንድ ኤፍኤም ላይ ታውቋቸዋላችሁ። «ጎና»ና «ዋና» ሳይሉ ዓረፍተ ነገር አይዘጉም። አንዱን «አይም ጎና ቦሌ» ሲል ሰምቼዋለሁ። ወንድሜ፣ «ጎና» የምትሆነው ከኋላዋ ግስ ሲመጣ ነው፤ ልትሠራ፣ ልትበላ፣ ልትተኛ ስትል። ወደ ቦታ ስትሄድ «ጎና» የለም። ቦሌ ደግሞ ግስ አይደለችም።)

ሁለተኞቹ ተቃዋሚዎች ግን ቁምነገረኞች ናቸውና ሊሰሙ ይገባል። ጄኒፈር ጄንኪንስ የምትባል እንግሊዛዊት የቋንቋ ተመራማሪ በ2000 ባወጣችው መጽሐፍ ትልቅ ክርክር አስነስታለች። ዛሬ እንግሊዝኛ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ቋንቋው የእናቱ ባልሆነ ሰውና ቋንቋው የእናቱ ባልሆነ ሌላ ሰው መካከል ነው፤ ለእነዚህ ሰዎች መግባባት ቃላትን መዋጥና ማጨፍለቅ አያስፈልግም፣ እንዲያውም ሊያደናግር ይችላል ትላለች። እውነቷን ነው። ከናይሮቢ ወይም ከቤጂንግ ከመጣ ሰው ጋር ስነጋገር ቃላቴን ዘርዘር ማድረጌ ለሁለታችንም ይበጃል። አፌ አበሻነቱን ይዞ ቢኖር ቅሬታ የለኝም። አነጋገሬ ከየት እንደመጣሁ ቢያስታውቅ ከየትም ስላልመጣሁ አይደለም።

ጆሮዬስ? አፌን እኔ አዘዋለሁ። ጆሮዬን የሚያዘው ግን ተናጋሪው ነው። የስልኩ ሰውዬ ቃላቱን እንዲዘረዝርልኝ ማስገደድ አልችልም። የፕላዝማዋን መምህርት «ቀስ በይ» ብላት አትሰማኝም። ወደ ውጭ ለመሄድ አይኢኤልትስ የሚፈተን ሰው የማዳመጥ ክፍሉን የሚሰማው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ አርባ ጥያቄ፣ ድገሙልኝ የለም። ሐኪም ስለ መድኃኒት አወሳሰድ ሲነግራት ራሷን እየነቀነቀች «የስ፣ የስ» የምትል ስደተኛ እናት አስቡ። እንደኔው ሦስተኛ ጊዜ «ሶሪ» ማለት አሳፍሯት ይሆናል። ስለዚህ በኔ በኩል ክርክሩ እዚህ ያበቃል፤ ማያያዙን ባንናገረውም መስማት አለብን። እኛ ግን ስንማር ተገልብጧል። «ፕሮናንሴሽን» ሲባል የሚመጣብን አፍ ማጣመም ነው። ጆሮ የሚሞረድበት ክፍለ ጊዜ የለም።

ሪቻርድ ኮልድዌል የሚባል ሌላ የእንግሊዝኛ መምህር ይህን በአትክልት ይመስለዋል። ቃላት ለየብቻ ሲጠሩ በችግኝ ቤት ውስጥ እንዳሉ ችግኞች ናቸው፤ በሥርዓት ሲያያዙ የጓሮ አትክልት ይሆናሉ፤ ሰው እንደልቡ ሲያወራ ግን ጫካ ነው። እኛ ችግኝ ቤት ውስጥ አሥራ ሁለት ዓመት አስቀምጠውን፣ በመጨረሻ ጫካው ውስጥ ጣሉን።

ቅደም ተከተሉን ቀድሞ የሚያውቅ ትምህርት ቤት አገራችን ውስጥ ነበር፤ አሁንም አለ። የቤተ ክርስቲያኑ ንባብ ቤት። ሕፃኑ ፊደል ቆጥሮ ሲጨርስ በቀጥታ «በል አንብብ» አይባልም። በግእዝ ንባብ ይጀምራል፣ ወደ ውርድ ንባብ ያልፋል፣ ከዚያ ነው ቁም ንባብ የሚደርሰው። ተነሺውን ከወዳቂው፣ ተጣዩን ከሰያፉ ካልለየ መሪጌታው ያስቆመዋል። «ቤት» እና «መንግሥት» ሲናበቡ «ቤተ መንግሥት» እንደሚሆን፣ ቃል ከቃል ሲጋጠም ጫፉ እንደሚለወጥ ይማራል። ያ ሁሉ ለግእዝ ነው፤ የአፍ መፍቻው ያደረገ ማንም ለሌለው ቋንቋ። በየስልኩ ለሚጠይቀን ቋንቋ ግን ከፊደል ቆጠራ በቀጥታ ቁም ንባብ ጠበቁብን።

እኔ እንዴት እንዳደረግሁ ልንገራችሁና ላብቃ። ኮርስ አልገባሁም፤ ገንዘቡም አልነበረኝም። አሥር ሴኮንድ የምትሆን ንግግር እመርጣለሁ፤ ጽሑፉ ያለው ከሆነ ከዜናም ከፊልምም። ጽሑፉን እሸፍነዋለሁ። አሰማና የሰማሁትን በግእዝ ፊደል እጽፋለሁ፤ የማይረባ ቢሆንም፣ «ወዳጁ»ም ቢሆን። አምስት ስድስት ጊዜ እደግመዋለሁ። ከዚያ ጽሑፉን ገልጬ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣለሁ። የሳትኩበት ቦታ ሁሌም መጋጠሚያ ላይ ነው፤ ወይ ተጋብተዋል፣ ወይ ት ወድቃለች፣ ወይ አንዷ ቃል የዘወትር ልብሷን ለብሳለች። ምክንያቱን ካወቅሁ በኋላ ጽሑፉን እያየሁ ደግሜ እሰማለሁ። በቀን አሥር ደቂቃ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ምንም የተለወጠ አይመስልም፤ ያሰለቻል፣ አልዋሻችሁም። ሁለተኛ ወር ላይ ግን አንድ ማለዳ ዜና ከፍቼ ፊቴን ስታጠብ፣ ሳላስበው፣ ሳልጣጣር፣ ሰውየው የሚለውን እየሰማሁ እንደሆነ ነቃሁ። ውኃውን ሳልዘጋ ቆሜ ቀረሁ። ለአስተማሪ ደግሞ ይህ የሚጠይቀው አንድ ስልክና አንድ ትንሽ ድምፅ ማጉያ ነው። ስልሳ ልጅ ባለበት ክፍልም ይሠራል፤ እያንዳንዱ የሰማውን ይጽፋል፣ ከዚያ «አንተ ምን ሰማህ? አንቺስ?» ነው። መሳቁን እንደሆነ ይስቃሉ።

ባልደረባችን አገሯ ልትመለስ ሳምንት ሲቀራት አብረን ታክሲ ያዝን። ከኋላ ወንበር ሦስተኛ ሆነን ተጣብቀናል፣ ሬዲዮው ይጮኻል፣ ረዳቱ ፊቱን ወደ ውጭ አድርጎ ተንጠልጥሏል። መውረጃችን ሲደርስ እኔ ገና አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«ወራጃለ!»

ረዳቱ ማን እንደተናገረ ለማየት እንኳን አልዞረም። ጣሪያውን ሁለቴ መታ፣ ታክሲው ቆመ፣ ወረድን።